ከማክሰኝት የሚመጣልኝ ሽሮ

መጀመሪያ ያበጠው ፊቴ ነው። ጠዋት ስነሣ የዐይኔ ቆብ ይከብደኛል፤ ሸሚዜን ስቆልፍ አንገትጌው ያንቀኛል። ቀን ላይ ጎደል ይላል። ማታ ደግሞ ካልሲዬን ሳወልቅ ላስቲኩ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ገመድ የታሰረበት የሚመስል ምልክት ትቶ አገኘዋለሁ። አላመመኝም። የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ ቢያመኝ ኖሮ ፈጥኜ እሄድ ነበር።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ወገራ ውስጥ፣ አምባ ጊዮርጊስ በነበረው የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበርሁ፤ ገና አላገባሁም። የምትቀልበኝ ታላቅ እህቴ ናት። ባሏ ከሞተባት ወዲህ ከእኔ ጋር ነበር የምትኖረው። ስሟ የሺ ቢሆንም እኔ እታለም ነው የምላት። ከልጅነቴ ጀምሮ ቅጥነቴ ሲያሳፍራት ኖሯል፤ ሰው ሁሉ «ወንድሟን አታበላውም» እያለ የሚያማት ይመስላታል። ስለዚህ ፊቴ ሲሞላ ከማንም በላይ የተደሰተችው እሷ ነበረች። ገበያ ላይ የሚያገኙኝም ትከሻዬን ይዘው፣ «ምነው መምህር፣ ሸጋ ሆንህሳ! ወገራ ተስማማህ!» ይሉኝ ነበር። እኔም ሞኙ ደስ አለኝ። ሰው በበሽታዬ ይመርቀኝ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ሽንቴ የሥጋ እጣቢ መሰለ። ፈራሁ። ለማንም አልተናገርሁም። ጥቁር ሰሌዳው ላይ አንድ መስመር ጽፌ ትንፋሼን እስክሰበስብ ቆሜ እጠብቅ ጀመር። ጫማዬ እምቢ ያለኝ ቀን እታለም ሳቋን አቆመች። በማግሥቱ እህል በጫነ ማኪና ተሳፍረን ጎንደር ገባን።

ሐኪሙ ፈረንጅ ነበር። አማርኛው ጥቂት ነው፤ ያለችውን ግን አያባክናትም። ቅልጥሜን በአውራ ጣቱ ተጭኖ ለቀቀው። ጣቱ ያረፈበት ቦታ ሊጥ እንደ ተነካ ጎድጉዶ ቀረ። ሽንቴን በቀጭን ብርጭቆ አድርጎ እሳት ላይ ያዘው፤ ሲሞቅ ነጭ ሆኖ ረጋ፣ ልክ የእንቁላል ነጩ መጥበሻ ሲነካው እንደሚሆነው።

«አልቡሚን» አለኝ። «ይህ የደምህ ነው። መውጣት የለበትም።»

በሽታው ኔፍራይትስ ይባላል፤ የኩላሊት ብግነት ነው። ከሳምንታት በፊት ጉሮሮዬን አሞኝ እንደ ነበር ያስታወስሁት እሱ ሲጠይቀኝ ነው። ያ የናቅሁት የጉሮሮ ሕመም ኩላሊቴ ድረስ መዘዝ እንዳመጣብኝ አስረዳኝ። መድኃኒቱ ብዙ አልነበረም። አልጋ ላይ መተኛት፣ ውኃ በልክ መጠጣት፣ ሥጋና ጥራጥሬ ማሳነስ ነው። ዋናውን ሊነግረኝ ሲል ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጨው ትንሽ አይደለም። ጨው የለም።»

ሐኪሙን የሚረዳው ድሬሰር ወደ እታለም ዞሮ፣ «ሰማሽ እናት? በምንም ምግብ ውስጥ» አላት።

«ሰማሁ» አለች። እውነቷን ነው። እኔም ሰምቻለሁ።

ባስተኙኝ ክፍል ውስጥ ከጎኔ የተኛው መርሻ የሚባል ልጅ እግር ገበሬ ነበር፤ ከማክሰኝት አጠገብ ካለ አገር ቤት ነው የመጣው። በሽታችን አንድ ነው። የእሱ ግን ሰንብቶበታል፤ እግሩ ምሰሶ አህሎ ብርድ ልብሱን ያነሣዋል። ከፋሲካ በኋላ ሊዳር ታጭቶ ነበርና ጠያቂ በመጣ ቁጥር፣ «ጫማ የሚያህለኝ ከተገኘ ሙሽራ ነኝ» እያለ ያስቃል። እናቱ እማ ውዴ ይባላሉ። አጭርና ደረቅ ሴት ናቸው፤ ዝም ብለው መቀመጥ አይሆንላቸውም።

ሆስፒታሉ ጨው የሌለው ዳቦና ሩዝ ይሰጠን ነበር። ግን የትኛዋ እናት፣ የትኛዋ እህት ናት ልጇን፣ ወንድሟን በሆስፒታል ሩዝ የምታሳድር? ከሕንፃው ጀርባ አስታማሚዎች የሚያበስሉባቸው ጉልቻዎች ነበሩ። እታለምና እማ ውዴ አንዱን ጉልቻ በጋራ ያዙ። አንዷ እንጨት ስትለቅም ሌላዋ ታማስላለች። ሁለቱም ሽሯቸውን ከቤታቸው ይዘው ነው የመጡት። ወጡን ይዘው ሲገቡ ደግሞ ድሬሰሩን ጠርተው ያሳዩታል። «አንዲት ቁንጥር አልነካሁበትም! ጨው የተባለ ነገር እቃችን ውስጥም የለ» ይላሉ እማ ውዴ፣ ባዶ እጃቸውን ዘርግተው።

እኔ ሽሮውን አልበላም ነበር። የምግብ ፍላጎቴ ጠፍቷል፤ ሲታመም ክፉ የሚሆን ሰው ደግሞ ነኝ። ሰሃኑን በእጄ ገፋ አደርገዋለሁ። እታለም ታለቅሳለች። እኔ ግድግዳውን እያየሁ እንጀራ በማር አጥቅሼ አንድ ሁለት ጉርሻ እውጣለሁ።

«መምህር፣ ምነው ሽሮው በደለህ?» ይለኛል መርሻ።

«አንተስ እውነት አስርቦህ ነው የምትበላው?»

እናቱ ራቅ እስኪሉ ጠበቀና ድምፁን አጠፋ። «የለም፣ ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። እናቴ ለፍታ አምጥታው እንዴት ልተወው?»

ጨርሶ ይበላል። ሰሃኑን በእንጀራ ይጠርገዋል። እማ ውዴ ባዶውን ሰሃን ሲያነሡ ፊታቸው ይፈታል። ይህን በየቀኑ አይቻለሁ። ዛሬም አየዋለሁ።

አንድ ጠዋት መርሻ ዐይኑን መግለጥ አቃተው። እብጠቱ ሸፍኖታል። ሽንቱ ቆሟል። ራሴን አለ። ከዚያ ተንቀጠቀጠ። ጮህሁ። ሐኪሙ ሮጦ መጣ። መርፌ ወጋው። መርሻ ዝም አለ። ሐኪሙ ደረቱ ላይ ጆሮውን አድርጎ ቆየ። ከዚያ ቀና አለ።

እማ ውዴ ጉልቻው ዘንድ ነበሩ። ድስቱን ይዘው ሲገቡ አንሶላው ፊቱ ላይ ወጥቷል። ድስቱን አላስቀመጡትም። አልወደቀባቸውምም። እንደ ያዙት ቆሙ። ትኩስ ነበር፤ እታለም ነች ከእጃቸው የወሰደችው።

እኔ ተሻለኝ። ሽንቴ ጠራ፤ እግሬም ሟሸሸ። ሐኪሙ ሲያስወጣኝ አውራ ጣቴን ይዞ ቅልጥሜ ላይ አስቀመጠውና፣ «በየማታው ተጫን። ጉድጓድ ካየህ፣ ና» አለኝ። ከዚያ ሁሉ ስንኩል አማርኛ ውስጥ እንደዚህ የጠቀመኝ የለም።

ወደ አምባ ጊዮርጊስ ስመለስ አንድ ነገር ለራሴ ቃል ገብቻለሁ፤ ዳግመኛ የእታለምን ሰሃን አልገፋም። መርሻ እየሞተ የእናቱን ልብ ሲጠብቅ እኔ በደህና ቀን እህቴን ሳስለቅስ ነበርና አፍሬያለሁ። ወዲያውም ሁዳዴ ገባ። ሽሮ ለምሳ፣ ሽሮ ለእራት ሆነ። ያለ ጨው የተሠራ፣ እታለም በዐይኔ ፊት ያማሰለችው ሽሮ። እኔም እንደ መርሻ ሰሃኑን ጠርጌ በላሁ፤ ከሕመሙ ገና ያላገገመው ምላሴ ጣዕም አይለይም ነበር።

ፊቴ ተመለሰ።

መስተዋት ፊት ቆሜ የመርሻን ፊት አየሁ። የሚመስል አላልሁም፤ የእሱን ፊት ነው ያየሁት። ማታ ቅልጥሜን ስጫን ጣቴ ገባ። ጉድጓዱ እስኪሞላ ጠበቅሁ። አልሞላም። እታለም ከበሩ ሆና እያየችኝ ነበር።

እታለምን አስከትዬ ጎንደር ወረድሁ። ሐኪሙ ሽንቴን አፈላው፤ ነጣ።

«ጨው ትበላለህ» አለኝ።

«አልበላም።»

«ሰውነትህ ይበላል ይላል።»

እታለም በጊዮርጊስ ማለች። ሐኪሙ አየት አደረጋትና ለእኔ ያዘነ መሰለኝ። ወይ እሷ ትዋሻለች፣ ወይ የእኔ ኩላሊት አብቅቶለታል። እታለም እንደማትዋሽ አውቃለሁ። ስለዚህ ስመለስ መሞቴን ተቀብዬ ነው የተመለስሁ። ማኪናው ላይ ሆኜ የማስበው የሚደንቅ ነገር አልነበረም፤ ክፍሌን ማን ያስተምርልኛል፣ እታለምስ ወዴት ትገባለች የሚል ነው።

ከዚያ ሰሞን ዳባት ዘመድ ሞተና እታለም ለለቅሶ ሄደች። ብቻዬን ቀረሁ። ወጥ መሥራት አላውቅበትም። የጋገረችልኝን እንጀራ በማር፣ አንዳንዴም በተልባ በላሁ። ጎመን በነጭ ሽንኩርት ቀቅዬ ሞከርሁ፤ አረረብኝ፣ ቢሆንም በላሁት። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ሌሊት ሌሊት ሽንት ያመላልሰኝ ጀመር። ሳምንቱ ሲያልቅ ቅልጥሜን ብጫነው ጣቴ አጥንት ነካ። ጸሎት ያዳነኝ መስሎኝ ነበር። እታለም ስትመለስ እብጠቴ መጉደሉን አይታ እልል አለች፤ ያቺውኑ የምታውቃትን ሽሮ ሠርታም አቀረበችልኝ።

መጀመሪያዋን ጉርሻ አፌ ውስጥ አደረግሁና ማላመጤን አቆምሁ። ሳምንቱን ሙሉ ጨው ያልነካው ምላሴ አላሳሳተኝም።

«እታለም፣ ጨው አድርገሽበታል።»

ማማሰያዋን ጣለች። «እኔ? ወንድሜን ልገድል? በጊዮርጊስ፣ በአባቴ አጥንት፣ ቁንጥር አልነካሁም!»

ተነሥቼ ሽሮ ያለበትን ቅል ከፈትሁ። ደረቁን ዱቄት በጣቴ ነክቼ ቀመስሁት። ጨው ነው። የበርበሬውን ቅል ከፈትሁ። እሱም ጨው ነው።

«ይኸውልሽ!»

«እሱማ ሲፈጭ የሚገባው ነው» አለች፣ የልጅ ጥያቄ እንደ ጠየቅኋት ሁሉ። «እሱም ጨው ይባላል እንዴ? ሽሮ ነው እንጂ።»

ይህን የምታነቡ ሴቶች ታውቁታላችሁ፤ ወንዶች እንደ እኔ አታውቁት ይሆናል። በእኛ አገር ሽሮ ሲዘጋጅ ከአተሩ፣ ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከበሶብላው ጋር ጨው አብሮ ይፈጫል። በርበሬውም እንዲሁ ነው። ከተፈጨ በኋላ ግን ጨው መሆኑ ይረሳል። ጨው ማለት ወጡ ላይ ጣል የሚደረገው፣ ከአሞሌው ተፈርፍሮ የሚነሰነሰው ነው። እታለም አልዋሸችም። የማለችው ሁሉ እውነት ነው።

ከዚያ ቀስ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። ፊቷ ሲለወጥ አየሁት።

«መርሻ» አለች።

እኔ ገና እዚያ አልደረስሁም ነበር።

«የእማ ውዴም እንዲሁ ነው። አንድ ጉልቻ ላይ ነው ያማሰልነው። ሽሮዬ ቢያልቅብኝ ከእሳቸው ተበድሬያለሁ። እንዲሁ ነው።»

ጎንደር ተመልሼ ሐኪሙን ጠየቅሁት። ሽሮ እንዴት እንደሚፈጭ ነገርሁት፤ እስክጨርስ ብዕሩን በእጁ ይዞ ሰማኝ። «መርሻን የገደለው እሱ ነው?» አልሁት። መስኮቱን ተመለከተ። «ኩላሊቱ በጣም ተጎድቶ ነበር። ይሆናል። አይሆንም ይሆናል። አላውቅም» አለኝ። ብዙ ሰው ሐኪም አላውቅም ሲል ይከፋዋል፤ እኔ በዚያች ቃል እስካሁን አከብረዋለሁ። ግን አላስተኛችኝም።

መዳኔ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቀስ ያለ፣ አሰልቺ፣ ግን እውነተኛ መዳን። እታለም ያለውን ሽሮና በርበሬ ሁሉ ለጎረቤት አከፋፈለችና አዲስ አተር ገዝታ፣ ቆልታና ከክካ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ በሶብላና ኮረሪማ አብዝታ ያለ ጨው አስፈጨች። ወፍጮ ቤት ያገኘቻት ሴት ሁሉ፣ «ኧረ የሺ፣ ጨው ረሳሽ!» እያለች ስታስቆማት፣ ቆማ ታስረዳ ነበር። የመጀመሪያው ወጥ እውነቱን ለመናገር ጭቃ ጭቃ ይል ነበር። እኔም ያንን በልቼ ከመኖር ብሞት ይሻላል ብያለሁ፤ እታለም ግን የምትበገር ሴት አይደለችምና ከወገራ ደጋ ጦስኝ ለቅማ ታሽበታለች፣ ቀይ ሽንኩርቱን እስኪጣፍጥ ድረስ ታበስለዋለች፣ ከእሳት ሲወርድ ሎሚ ትጨምቅበታለች፤ እንዲህ ስትሞክርና ስትጥል ክረምት ሳይገባ ምላሴ ራሱ ተለወጠና የአተሩን ጣዕም፣ የጤናዳሙን ሽታ፣ ከዚያ በፊት ጨው ሸፍኖብኝ የኖረውን ሁሉ ይለይ ጀመር። ሽሮውም ቀጠን ያለና ጥቂት ነበር፤ ሐኪሙ ጥራጥሬ በልክ ብሎኛልና። እሷም ከእኔ ሰሃን ነበር የምትበላው። ለብቻዋ ጨው ያለው ሠርታ እንድትበላ ብለምናት፣ «አንተ የማትበላው ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» ትለኝ ነበር።

በዓመቱ እማ ውዴ መጡ። ከማክሰኝት ጎንደር፣ ከጎንደር አምባ ጊዮርጊስ በማኪና ተንገላተው፣ «ከልጄ ጎን የተኛውን ልየው ብዬ» ሲሉ በራችን ላይ ቆሙ። ያው ደረቅ ሴት ናቸው፤ ከስተዋል። ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ብርሃን አዞሩት፣ ዐይኔ ሥር በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። «አላበጠም» አሉ። «ተመስገን።»

እታለም ለእንግዳ የሚሆን ጨው ያለበት ወጥ ለብቻ ሠራች። በጓዳ ስንሾካሾክ፣ ካልጠየቁን እንዳንነግራቸው ተስማምተናል። ለማን ይበጃል? መርሻ አይመለስ።

ሲቀርብ ግን እማ ውዴ የእንግዳውን ሰሃን ገፋ አደረጉት። «እኔ ከእሱ ጋር ነው የምበላ» ብለው ከእኔው ቆረሱ። ጎረሱ። አላመጡ። ዝግ አሉ።

«ጨው የለውም።»

«የለውም፣ እማ» አልሁ።

«እኔም ለመርሻዬ ጨው አልጨመርሁም ነበር። ይህ ግን ሌላ ነው።» እንደ ገና በጣታቸው ነክተው ቀመሱ። እኔን አላዩኝም፤ እታለምን ነው ያዩት። «ከዱቄቱም?»

እታለም አንገቷን ደፋች። መልስ መስጠት ለእኔ ቀረ። መዋሸት እችል ነበር። ግን እኒያ ሴት ዕድሜያቸውን ሙሉ ሽሮ ሲፈጩ የኖሩ ናቸው፤ ገብቷቸዋል።

«ከዱቄቱም።»

አላለቀሱም። እጃቸው እንጀራው ላይ ቆመ። ውጭ ገበያተኛ ያልፋል፤ የአህያ ኮቴ ይሰማል። ከዚያ እንደ ገና ቆረሱና በሉ። ከዚያም ሌላ። ጉሮሯቸው ላይ እንደሚቆም አያለሁ። «ይተዉት፣ እማ ውዴ» አለች እታለም እያለቀሰች። እሳቸው ግን እስኪያልቅ በሉ፤ ሰሃኑን በእንጀራ ጠረጉት።

«ሸጋ ነው» አሏት። «ለፍተሽበታል።»

በማግሥቱ ሄዱ።

እናንተ ዛሬ በዚህ በሽታ የተያዛችሁ፣ ወይም የምታስታምሙ፣ ከእኔ የምትሰሙት ጥቂት ነው። ለእኔ የተፈቀደው ለእናንተ ሊከለከል ይችላል፤ ስለ ውኃው፣ ስለ ጥራጥሬውና ሥጋው፣ ስለ ድንችና ሙዙ የእናንተን ኩላሊት የመረመረውን ሐኪም ጠይቁ፤ የጎረቤትን ኩላሊት አትመኑ። ሐኪሙ ጨው ተው ሲላችሁ ግን ወጡን ብቻ አትመልከቱ። ሽሮው፣ በርበሬው፣ አዋዜው፣ ከሱቅ የሚመጣው ዳቦ፣ ሁሉም ከመሠራቱ በፊት ይቀመስ። ደረቁን በጣታችሁ ነክታችሁ ምላሳችሁ ላይ አድርጉ። ምላሳችሁ መጀመሪያ ይቆጣል፣ ከዚያ ይለምዳል። ፊታችሁ ድንገት ሲሞላና ሰው ሲያደንቃችሁም ምርቃቱን ከመቀበላችሁ በፊት ቅልጥማችሁን ተጫኑ። አስታማሚ ሆይ፣ በሽተኛው ሰሃኑን ቢገፋ አትቀየሚው፤ በሽተኛ ሆይ፣ አንተም ስለ ይሉኝታ አትብላ።

ሐኪሙ ወደ አገሩ ገብቷል፤ የትም ይኑር እግዚአብሔር ይስጠው። እታለም አርጅታ አሁንም ትቆጣኛለች። የእማ ውዴን ምስጋና ግን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

ከመጡ በኋላ ባለው ዓመት፣ ሁዳዴ ሊገባ ሲል፣ አንድ የጭነት ማኪና ሾፌር በራችን ላይ አቁሞ፣ «ከማክሰኝት ነው» ብሎ በጨርቅ የተቋጠረ ቅል ሰጠን። ሽሮ ነበር። እታለም ክዳኑን ከፍታ በጣቷ ነክታ ቀመሰችው፤ ከዚያ ቅሉን ወደ እኔ ገፋችው። እኔም ቀመስሁ። ጨው የለውም። ከዚያ ጀምሮ እስከሚያርፉ ድረስ በየዓመቱ በዚያው ሰሞን ይመጣልኝ ነበር፤ መልእክት የለው፣ ሰላምታ የለው፣ ሽሮው ብቻ።

የመጀመሪያው ቀን ተሠርቶ ሲቀርብልኝ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ለማን እንደ ተፈጨ አውቃለሁ። እታለም ከፊት ለፊቴ ተቀምጣ ጠበቀችኝ።

«ብላ እንጂ» አለችኝ። «ለፍተው ልከውልህ እንዴት ትተወዋለህ?»

በላሁ። ከዚያ ሽሮ አንድም ቀን አስተርፌ አላውቅም።